የቤንጋል ሥነ ጽሑፍ፦ ስለ ትዝታ፣ ስለ ማንነትና ስለ እውነተኛ ሀብት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ቤንጋል ድርሰቶች ባወራሁ ቁጥር የሚመጡብኝ ጥያቄዎች ያው ናቸው። አንዴ እዚህ ሰብስቤ ልመልሳቸው። የምመልሰው እንደ አንባቢ ነው እንጂ እንደ ፕሮፌሰር አይደለም። የታሪኮቹን መጨረሻም እናገራለሁ፤ ቀድሞ መስማት የማይወድ ሰው ካሁኑ ይመለስ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ቤንጋል የት ነው? ሕንድ ነው ወይስ ባንግላዴሽ?

ሁለቱም። ምዕራቡ ሕንድ ውስጥ ነው፣ ዋና ከተማው ኮልካታ፣ የድሮዋ ካልካታ። ምሥራቁ ዛሬ ባንግላዴሽ ነው። በ1947 እንግሊዞች ለቀው ሲወጡ አገሩ በሃይማኖት ተከፈለና ሙስሊም የሚበዛበት ምሥራቅ የፓኪስታን አካል ሆነ። በ1971 ደግሞ በጦርነት ከፓኪስታን ተለየ። ቋንቋው ግን አንድ ነው፤ ከ200 ሚሊዮን በላይ ሰው ይናገረዋል። የሁለቱ አገሮች ብሔራዊ መዝሙር እንኳ የአንድ ሰው ድርሰት ነው፣ የገጣሚው የራቢንድራናት ታጎር።

ትዝታ፣ ማንነትና ሀብት ለምን ሁልጊዜ አብረው ይነሳሉ?

እኔ እንደማየው ሦስቱም አንድ ጥያቄ ስለሆኑ ነው። ጥያቄው «ይሄ ያንተ ለመሆኑ ምስክርህ ማን ነው?» የሚል ነው።

ቦታውን አስቡት። ፓድማ የሚባለው ትልቁ ወንዝ ሲሞላ ዳርቻውን እየናደ መንደር ይዞ ይሄዳል፤ ትናንት ያረስከው መሬት ዛሬ ውሃ ነው። በ1943 እስከ 3 ሚሊዮን የሚገመት ሰው በረሃብ አለቀ። አራት ዓመት ሳይቆይ አገሩ ለሁለት ተቆረጠ። ከዚያ 1971 መጣ። እንዲህ ባለ ቦታ ሰነድ ይጠፋል፣ ዳኛ ይገዛል፣ ድንበር ሰው ሳያውቀው ይሰመራል። ቤቱ የኔ ነበር፣ ልጁ የኔ ነው፣ እኔ እገሌ ነኝ ለማለት የሚቀርህ ማስታወስህ ብቻ ነው። ከዚያ ቀጥሎ ያለው ጣጣ ደግሞ የሚያምንህ ሰው ማግኘት ነው። የቤንጋል ደራሲዎች መቶ ምናምን ዓመት የቆፈሩት ይህንኑ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ማንበብ ብፈልግ ምን ላንብብ?

የታጎርን «ሁለት ቢጋ መሬት»። በ1890ዎቹ የተጻፈ ግጥም ነው፣ አንድ ቡና ሳይፈላ ይነበባል።

ኡፔን የሚባል ድሃ ገበሬ አለ። የቀረው መሬቱ በዕዳ ሄዶ ሁለት ቢጋ ብቻ ተርፋዋለች፣ በእኛ አንድ ጥማድ ገደማ ናት። የአካባቢው ባለርስት (ዛሚንዳር ይሉታል) የአትክልት ቦታ አሠርቷል፤ የኡፔን መሬት ብትጨመርበት ርዝመቱና ወርዱ እኩል ይሆንለታል። ምክንያቱ ይሄው ነው። አልራበው፣ አልቸገረው፤ ቅርጹ እንዲያምርለት ነው። ኡፔን እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ይለምነዋል፤ ሰባት ትውልድ የኖረበት አፈር ከወርቅ ይበልጣል ይለዋል። ወር ተኩል ቆይቶ የሐሰት ዕዳ ይመዘዛል፣ ፍርድ ይወጣል፣ ኡፔን ሜዳ ላይ ይቀራል።

የባሕታዊ ደቀ መዝሙር ሆኖ አሥራ አምስት አሥራ ስድስት ዓመት አገር ላገር ይዞራል። ተራራ ያያል፣ ባሕር ያያል፣ ያማሩ ከተሞች ያያል፤ ያቺ ሁለት ቢጋ ግን ከልቡ አትወጣም። በመጨረሻ ይመለሳል። መሬቷን በአበባ ተኳኩላ ያገኛታል፣ ይናደድባታልም፤ የድሃ እናት ነበርሽ፣ ዛሬ ለማን ነው እንዲህ ያጌጥሽው ይላታል። ዞር ሲል ግን ከአጥሩ ጥግ የድሮው የማንጎ ዛፍ አለ። ሥሩ ቁጭ ይላል። ልጅ ሳለ ማዕበል የነፈሰ ሌሊት እንቅልፍ እንደማይወስደው፣ ጎህ ሲቀድ የረገፈውን ማንጎ ሊለቅም እንደሚሮጥ፣ በቀትር ከትምህርት ቤት እንደሚጠፋ ትዝ ይለዋል። ነፋስ ሽው ይላል፤ ሁለት የበሰለ ማንጎ ዱብ። እናቴ አወቀችኝ ብሎ ያስባል። ወዲያው አትክልተኛው እየጮኸ ይደርስና ዓሣ እያጠመደ ወደተቀመጠው ጌታው ይጎትተዋል። ጌታውም የባሕታዊ ልብስ የለበሰ ሌባ ይለዋል። ኡፔን እየሳቀ እንባው ይወርዳል፤ አንተ ዛሬ ጻድቅ ሆንክ፣ ሌባው እኔ ነኝ ይላል። ግጥሙ እዚህ ላይ ያልቃል።

ሰነዱም ዳኛውም ከጌታው ጋር ናቸው። ኡፔን ዘንድ ያለው ትዝታ ነው፤ ምስክሩ ደግሞ አንድ ዛፍ፣ ዛፍ ፍርድ ቤት አይቀርብም። ታጎር መልካም መጨረሻ ሊሰጠው ይችል ነበር፣ አልሰጠውም፤ እኔ ግጥሙን የምወደው ለዚሁ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ታጎር ራሱ የዛሚንዳር ልጅ ነው። በ1890ዎቹ የቤተሰቡን ርስት ሺላይዳ በሚባል ቦታ፣ ብዙ ጊዜም በፓድማ ላይ በቤት ጀልባ እየኖረ ያስተዳድር ነበር። ኪራይ ይሰበስባል፣ ይህንንም ይጽፋል። ግብዝነት ነው የሚል ካለ መብቱ ነው፤ እኔ ግን ከመዝገቡ አጠገብ ያልተቀመጠ ሰው የሐሰት ዕዳ እንዴት እንደሚመዘዝ እንዲህ አጥርቶ አይጽፍም ባይ ነኝ።

ታዲያ መልእክቱ «ገንዘብ ከንቱ ነው» ነው?

አይደለም! ይህ ስሕተት የሚመጣው ደራሲዎቹን በፌስቡክ ጥቅስ ብቻ ከማወቅ ነው።

ከአሮጌው እንጀምር። ባራትቻንድራ ራይ በ1752 በጨረሰው ረጅም ግጥም ውስጥ ኢሽዋሪ ፓትኒ የሚባል ጀልባ ቀዛፊ አለ። አንዲት ሴት ወንዝ ያሻግራል። ሴትዮዋ አናፑርና ናት፣ የምግብ አምላክ የምትባለዋ፤ እሱ ግን አላወቀም። እግሯን ያሳረፈችበት የውሃ መቅጃ ወርቅ ሲሆን ነው የገባው። የፈለግከውን ለምነኝ ትለዋለች። ሌላ ወርቅ አልጠየቀም፣ መንግሥተ ሰማያትም አልጠየቀም። ልጆቼ ወተትና ሩዝ አይጡ አለ። እስከ ዛሬ ቤንጋል ውስጥ ያቺን ስንኝ የማያውቅ ሰው ማግኘት ይከብዳል።

ይህ ሰው ሀብትን አልናቀም። ልኩን ነው የነገራት።

አሁን ወደ ካዚ ናዝሩል ኢስላም እንምጣ። «ድህነት» የሚል ግጥም አለው፤ መጀመሪያው ላይ ድህነት ሆይ ትልቅ አደረግከኝ፣ የክርስቶስን የእሾህ አክሊል ሰጠኸኝ ይላል። (ሙስሊም ገጣሚ ነው ይህን የሚለው፤ ናዝሩል እንዲህ ነው።) ሰዎች ይህን መስመር ቆርጠው ይወስዱና ድህነትን አወደሰ ይላሉ። እስከ መጨረሻው አንብቡት እንጂ! ወረድ ሲል ድህነት ውበቱን ሁሉ እንዳደረቀበት ይናገራል፣ ለልጁ ሁለት ጠብታ ወተት መስጠት እንዳልቻለ ይናገራል። ቀዛፊው የለመነው ያው ወተት ነው፣ ከመቶ ሰባ ዓመት በኋላም አልደረሰም።

የደራሲው የሳራት ቻንድራ አጭር ልብወለድ «ማሄሽ» ደግሞ ይብሳል። ጋፉር የሚባል ሙስሊም ድሃ፣ ሴት ልጁ አሚናና ማሄሽ የሚባል አንድ ያረጀ በሬ። ድርቅ ነው። ጋፉር ከጎጆው ክዳን ሣር እየመዘዘ በሬውን ያበላል። የመንደሩ ባለጸጎች ላምና በሬ ቅዱስ ነው የሚሉ ሂንዱዎች ናቸው፣ ጭብጥ ሣር ግን አይሰጡትም። አንድ ቀን በንዴት ራሱ ይመታዋል፣ በሬው ይሞታል። ሌሊቱን ልጁን ይዞ በጁት ፋብሪካ ሊቀጠር መንደሩን ጥሎ ይወጣል፤ ያለውን ዕቃ ለበሬው ማስተሰረያ ትቶ። ፈጣሪውንም ይለምናል፦ እኔን የፈለግከውን ያህል ቅጣኝ፣ አንተ የሰጠኸውን ሣርና ውሃ ለማሄሽ የከለከሉትን ግን አትማራቸው ይላል። እንግዲህ በዚህ ታሪክ ውስጥ ስለ ሃይማኖት ብዙ የሚያወራውና በሬውን የሚያውቀው ሰው ለየቅል ናቸው።

ስለ ተቀበረ ወርቅ ከሆነ የምትፈልጉት ታጎር ሁለት አስፈሪ ታሪኮች አሉት። በአንዱ ጃግያናት የሚባል ንፉግ ሽማግሌ አለ፤ ለመድኃኒት ገንዘብ አላወጣም ብሎ ምራቱ ትሞትበታለች፣ ልጁ የልጅ ልጁን ይዞ ጥሎት ይሄዳል። ከዓመታት በኋላ ከቤቱ የጠፋ አንድ ልጅ ይመጣል። ሽማግሌው ያስጠጋዋል፣ ይለምደዋል፤ ከዚያ ሀብቱን ለልጅ ልጁ እንዲጠብቅለት ብሎ ከወርቁ ጋር ከመሬት በታች ዘግቶ ይቀብረዋል፣ በሕይወቱ። ልጁ ስሙን ቀይሮ ነው እንጂ ያው የልጅ ልጁ ነበር። ሌላው «የተሰወረ ሀብት» ይባላል፤ ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ የፈለገውን ወርቅ ያገኛል፣ እዚያው ይዘጋበታል፣ ወርቁን ውሰዱና ሰማይ አሳዩኝ ብሎ ይለምናል። ይህኛው ትንሽ ስብከት ይሸታል። የመጀመሪያው ግን እንቅልፍ ይነሳል።

«ካቡሊዋላ» የልጆች ታሪክ አይደለም እንዴ?

በትምህርት ቤት ስለሚሰጥ እንደዚያ ይመስላል። በ1892 የተጻፈ የታጎር አጭር ልብወለድ ነው። ራህማት የሚባል አፍጋኒስታናዊ ካልካታ ውስጥ ዘቢብና ለውዝ እያዞረ ይሸጣል፤ ሚኒ ከምትባል የአምስት ዓመት ልጅ ጋር ይወዳጃል። ዕዳውን የካደውን ደንበኛ በቢላ ወግቶ ይታሰራል። ከዓመታት በኋላ ሲፈታ የሚመጣው ሚኒ በምትዳርበት ቀን ነው።

ለያዘው ፍሬ ዋጋ ልስጥህ ሲሉት እምቢ ይላል፣ እኔም ቤቴ እንዲህ ያለች ልጅ አለችኝ ይላል። ከደረቱ ያደፈ ወረቀት ያወጣል። ፎቶ አይደለም። የትንሽ ልጅ መዳፍ ጥላሸት ተቀብቶ የታተመበት ወረቀት ነው። በየዓመቱ እሱን ይዞ ነው በካልካታ መንገድ የሚዞረው።

ቀጥሎ ያለው ግን ብዙ ሰው ያልፈዋል። ሙሽራዋ ትመጣለች፣ ራህማት የድሮውን ቀልድ ይሞክራል፣ አታውቀውም፣ ታፍራለች። ያኔ ነው የገባው፦ የኔዋም እንዲሁ አድጋለች፣ እንደ አዲስ መተዋወቅ ሊኖርብን ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው እጅ አሁን የለም ማለት ነው። ትዝታ ሀብት ነው ብለን ዘና እንዳንል ታጎር እዚህ ላይ ይይዘናል፤ ጊዜው ያለፈበት ትዝታም አለ። ቤይሩት ወይም ሪያድ ለዓመታት የኖረች፣ አገር ቤት ትታ የሄደችውን ልጅ በቪዲዮ ብቻ የምታይ እናት ይህን ገጽ ማንም ሊያስረዳት አያስፈልግም።

የሚኒ አባት ወደ ልጅህ ተመለስ ብሎ ገንዘብ ይሰጠዋል። በዚህ ምክንያት የሠርጉ የኤሌክትሪክ መብራትና የሙዚቃ ጓድ ይቀራል፣ የቤቱ ሴቶችም ያኮርፋሉ። ማኩረፋቸው መጻፉ ደስ ይለኛል፤ ደግነት ዋጋ እንዳለው ያሳያል።

ስለ ማንነት የሚያወራው የትኛው ነው?

«ጎራ»፣ የታጎር ትልቁ ልብወለድ፣ 1910። ጎራ አጥባቂ ሂንዱ ወጣት ነው፤ ከማን እጅ ውሃ እንደሚጠጣ እንኳ ይቆጥራል፣ ላችሚያ የምትባለዋ ክርስቲያን ሠራተኛ ያመጣችውን አይነካም። ወደ መጨረሻው ላይ እውነቱ ይነገረዋል፤ ወላጆቹ አየርላንዳውያን ናቸው፣ በእንግሊዞች ላይ በተነሳው የ1857ቱ አመፅ ጊዜ ነው ሕፃን ሆኖ የተወሰደው። ጠብቄያታለሁ ያላት ጎሳ ከመጀመሪያውም የሱ አልነበረችም። ይሰበራል ብላችሁ ስትጠብቁ እፎይ ይላል። ወደ አሳዳጊ እናቱ ወደ አናንዳሞዪ ተመልሶ እናቴ አንቺ ነሽ ይላታል፤ ላችሚያን ጥሪልኝ፣ ውሃ ታምጣልኝ ይላል። መጽሐፉ ረጅም ነው፣ መሐሉ ላይ ክርክር ይበዛበታል፣ ገጽ ዘልላችሁ ብታነቡ አልፈርድባችሁም።

አጠር ያለ ከፈለጋችሁ «የሞተችና ያለች» አለ። ካዳምቢኒ የምትባል መበለት ትወድቃለች፣ ሞተች ተብሎ ወደ ሬሳ ማቃጠያ ትወሰዳለች፤ እዚያ ትነቃለች። ቤቷ ስትመለስ ሁሉም መንፈስ ናት ብሎ ይሸሻታል። እሷን እንደ ድሮው የሚያውቃት ያሳደገችው ትንሽ ልጅ ብቻ ነው። ራሷን ውሃ ውስጥ ትጥላለች፤ አለመሞቷን ያረጋገጠችው በመሞቷ ነው። ማንም ካልመሰከረልህ በሕይወት መኖርህም አይበቃም ማለት ነው።

ላሎን ፋኪር ማን ነው? ደራሲ ነው?

ዘማሪ ነው፣ ባውል ከሚባሉት ዞረው ከሚዘፍኑ መነኮሳት መሰል ሰዎች። ኩሽቲያ አጠገብ በምትገኝ መንደር ኖሮ በ1890 ሞተ። ሂንዱ ነበር፣ ፈንጣጣ ይዞት ወገኖቹ ጣሉት፣ ሙስሊም ቤተሰብ አነሳው ተብሎ ይተረካል፤ እሱ ግን በሕይወቱ ቁርጡን አልተናገረም። እንዲያውም ሰው ሁሉ የላሎን ዘሩ ምንድን ነው እያለ ይጠይቃል፣ እኔ ግን ዘር ምን እንደሚመስል አይቼ አላውቅም የሚል ዘፈን አለው። ከቤቴ አጠገብ የመስታወት ከተማ አለች፣ ጎረቤቴ እዚያ ይኖራል፣ አንድ ቀን እንኳ አላየሁትም የሚልም አለው። ሰምና ወርቅ ለለመደ ጆሮ ይህ ብዙ አያስቸግርም፤ ላዩ መንደር ነው፣ ውስጡ የሰው ነፍስ። ዩኔስኮ በ2005 የባውል ዘፈኖችን ከዓለም የቃል ቅርሶች መሐል ቆጥሯቸዋል።

ማይክል የሚባል የቤንጋል ገጣሚ አለ የሚባለው እውነት ነው?

አዎ፣ ማይክል ማዱሱዳን ዳት። ከሁሉም ይበልጥ የሚያሳዝነኝ እሱ ነው። በ1824 ሳጋርዳሪ በምትባል መንደር፣ ካፖታክሻ ወንዝ ዳር ተወለደ። ወጣት ሆኖ የእንግሊዝኛ ገጣሚ ካልሆንኩ አለ። የእናቱን ቋንቋ ናቀ፣ በ1843 ክርስትና ተነሳ፣ ማይክልን ኋላ ጨመረ። በኋላ ወደ ቤንጋልኛ ተመልሶ በ1861 ትልቁን ድርሰቱን አወጣ፤ ራማያና የሚባለውን የሕንድ ጥንታዊ የጀግና ታሪክ ገልብጦ የተሸናፊውን ወገን ልጅ፣ ሜግናድን፣ ጀግና ያደረገበት ነው። በ1862 ሕግ ሊማር እንግሊዝ ሄደ። ገንዘብ ጠፋ። ፈረንሳይ፣ ቬርሳይ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር በዕዳ ተይዞ ሳለ ያዳነው ኢሽዋር ቻንድራ ቪድያሳጋር ነው፣ የታወቀው ሊቅ፣ ከካልካታ ገንዘብ እየላከ።

እዚያው ቬርሳይ ሆኖ ነው ሶኔቶቹን (አሥራ አራት መስመር ያላቸው ግጥሞች ናቸው) የጻፈው። በአንዱ ቤንጋል ሆይ ግምጃ ቤትሽ በዕንቁ ተሞልቶ ነበር፣ እኔ ሞኙ የሰው ሀብት ጓጉቼ ባሕር ማዶ ለልመና ወጣሁ ይላል፤ ከዚያ በሕልሙ ሴት አምላክ መጥታ፣ ልጄ፣ በእናትህ ቤት ስንት ዕንቁ እያለ ለምን ትለምናለህ፣ ተመለስ ትለዋለች። በሌላው ያን የልጅነት ወንዙን ያስባል፤ ስንት ወንዝ አየሁ፣ ጥሜን የሚያረካው ግን እሱ ብቻ ነው ይላል። ይህ ሰው ሲጽፈው አበዳሪ ደጁ ላይ ነበር። ለዚህ ነው የማምነው። ተመልሶ ግን አልበለጸገም፤ በ1873 ካልካታ ውስጥ ደኽይቶ ሞተ።

ስለ 1947ና ስለ 1971 ምን ላንብብ?

ድንበሩ የታወጀው ከነጻነቱ ሁለት ቀን በኋላ ነው፣ ኦገስት 17። ስለዚህ ሙርሺዳባድ የፓኪስታንን ባንዲራ፣ ኩልና ደግሞ የሕንድን ሰቅለው ቆይተው ነው በተቃራኒው መሆኑን የሰሙት። ሃሳን አዚዙል ሃክ በ2006 ያወጣው «የእሳት ወፍ» ይህን ዘመን በአንዲት የገጠር ሙስሊም ሴት አፍ፣ በመንደሯ ቋንቋ ይተርካል። ባሏና ልጆቿ ወደ ምሥራቅ ይሄዳሉ። እሷ አልሄድም ትላለች። ሙስሊም ስለሆንኩ ብቻ ያ አገሬ የሚሆነው እንዴት ነው፣ ማንም አላስረዳኝም ትላለች። ደራሲው ራሱ ከምዕራብ ተወልዶ ምሥራቅ የኖረ ሰው ነው።

ለ1971 የጃሃናራ ኢማምን «የሰባ አንድ ቀኖች» ያዙ። የእናት ማስታወሻ ነው። ልጇን ሩሚን ወታደሮች በኦገስት ወሰዱት፣ አልተመለሰም። ባሏ ድሉ ሊታወጅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ሞተ። መጽሐፉ በ1986 ሲወጣ አገር ሙሉ አለቀሰበት።

ከምዕራቡ ደግሞ የማሃሽዌታ ዴቪ «የ1084 እናት»፣ 1974። ሱጃታ የባለጸጋ ቤት እመቤት ናት። ልጇ ብራቲ ከናክሳል አብዮተኞች ጋር ሆኖ ይገደላል፣ ሬሳ ቤት ቁጥር 1084 ይሆናል። አባትየው ስማችን እንዳይነሳ ብሎ ዘመድ አዝማድ ይዞ ይሯሯጣል። ታሪኩ የሚያልቀው በአንድ ቀን ነው፣ በልደቱና በሙት ዓመቱ ቀን፤ ያን ቀን ደግሞ ቤቱ ድግስ አለ። ሱጃታ ልጇን የምታውቀው ከሞተ በኋላ፣ አብሮት የሞተው ድሃ ጓደኛው ቤት ሄዳ ነው። በዚህ መጽሐፍ ገንዘብ የሚገዛው ዋናው ነገር ዝምታ ነው።

ናዝሩል ትዝታውን አጥቷል የሚባለው?

እውነት ነው። በ1922 «አመፀኛው» በሚለው ግጥሙ አገር ያናወጠው፣ እንግሊዞች ያሰሩት ሰው በ1942 ታሞ ንግግሩንም ማስታወሱንም አጣ። ከዚያ ወዲያ ሠላሳ አራት ዓመት ኖረ። በ1972 ባንግላዴሽ ወደ ዳካ አመጣችው፣ ብሔራዊ ገጣሚ ይባላል፤ በ1976 ሞተ። እሱ የረሳውን ሌላው በቃሉ ይዞለት ነበር።

ጂባናናንዳ ዳስስ?

ግጥም ለሚወድ ብቻ። ባሪሳል ተወልዶ ካልካታ በትራም ተገጭቶ በ1954 ሞተ። ቤንጋልን በሰው አምሳል ባይሆን እንኳ በወፍ አምሳል እመለስባታለሁ የሚለው ግጥሙ ከሞተ በኋላ ነው የታተመው፤ ልብወለዶቹም ከሣጥን የወጡት እንደዚያው።

ፓተር ፓንቻሊን ፊልሙን ልይ ወይስ መጽሐፉን ላንብብ?

ፊልሙን አስቀድሙ፣ የሳትያጂት ራይ፣ 1955። መጽሐፉ የቢቡቲቡሻን ባንዶፓዳይ ነው፣ 1929። ድሃ ቤተሰብ ነው፤ በፊልሙ ዱርጋ የምትባለው ልጅ የጎረቤት ሐብል ሰረቅሽ ትባላለች፣ እናቷ ትቀጣታለች፣ እሷም ትክዳለች። ከሞተች በኋላ ወንድሟ አፑ ሐብሉን ተደብቆ ያገኘዋል። ኩሬ ውስጥ ይወረውረዋል። ዕቃውን ለባለቤቱ ቢመልስ ሌባ መሆኗ ይታወቃል፤ ስለዚህ ሐብሉን ጥሎ የእህቱን ስም ያዘ። ራይ ፊልሙን ሲጀምር ገንዘብ አጥሮት የሚስቱን ጌጣጌጥ አስይዞ ነበር፤ ይህ ከሐብሉ ታሪክ ጋር መግጠሙ የአጋጣሚ ነገር ነው፣ ግን ያስቃል።

ሐበሾች ቤንጋልን ገዝተዋል የሚል ነገር ሰማሁ፤ ተረት ነው?

ተረት አይደለም። በባሪያ ንግድ ከአፍሪካ ቀንድ ተወስደው በቤተ መንግሥት ዘብና አዛዥ የሆኑ «ሐብሺ» የሚባሉ ሰዎች በ1487 ሱልጣኑን ገድለው ሥልጣን ያዙ፤ ስድስት ሰባት ዓመት ያህል እርስ በርስ እየተገለባበጡ ቤንጋልን ገዙ። ከነሱ መሐል ሳይፈዲን ፊሩዝ ሻህ በደጉ ይነሳል። ጋውር በተባለችው ጥንታዊ ከተማ ፍርስራሽ ያለው ፊሮዝ ሚናር የሱ ነው ይባላል።

ከኛ ርዕስ ጋር የሚገናኘው በ1788 በፋርስኛ የተጻፈ የቤንጋል ዜና መዋዕል ስለሱ የሚያወራው ወግ ነው። ፊሩዝ መቶ ሺህ ብር ለድሆች ይሰጥ ብሎ ያዝዛል። ሹማምንቱ ይህ ሐበሻ ገንዘብ ሳይለፋ ስላገኘ ዋጋውን አያውቅም ብለው ሊያሳዩት ይፈልጋሉ። ብሩን በሚያልፍበት መንገድ ይከምሩታል። ያልፋል፣ ያያል፣ ምንድን ነው ይላል። ለድሆች ያዘዙት ነው ይሉታል። ይህን ያህል ትንሽ ነው እንዴ፣ ምን ይበቃቸዋል፣ ሌላ መቶ ሺህ ጨምሩበት አለ ይባላል።

አብሮኝ የሚሠራ ባንግላዴሻዊ አለ። ስለዚህ ነገር ባወራው ቅር ይለዋል?

የገልፍ አገር ኑሮ ላይ ይህ ጥያቄ ይበዛል። ቅር አይለውም፣ ግን ስለ ጦርነት አትጀምሩ። የየትኛው ወንዝ ዳር ሰው ነህ በሉት። ከዚያ ስለ ፌብሩዋሪ 21 ጠይቁት፤ በ1952 ዳካ ውስጥ ቤንጋልኛ የመንግሥት ቋንቋ ይሁን ያሉ ተማሪዎች የተገደሉበት ቀን ነው፣ ዩኔስኮ በ1999 የዓለም የአፍ መፍቻ ቋንቋ ቀን ያለው። ማንበብ የማይወድ ቢሆን እንኳ የናዝሩል ወይም የላሎን ዘፈን አያጣም። ዝፈንልኝ ካላችሁት ግን ፈረቃ ከመግባታችሁ በፊት አይሁን፣ አንዱን ዘፍኖ አያቆምም።